በቃል የተያዘው ዳገት

በየዓመቱ በጥቅምት ወር አንድ ቀን፣ ከጅጋ ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣው መንገድ ከባለቤቶቹ ይወሰዳል። ሌላ ጊዜ ገበያተኛና አህያ፣ ሙሽራና አስከሬን፣ የእህል ጆንያና የታመመ ሰው የተኛበት ቃሬዛ የሚመላለስበት ያ ጠጠር መንገድ፣ በዚያች ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በገመድ ይታጠርና፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ለሚመጡ፣ ጎናቸው በቁጥርና በማስታወቂያ ለተዥጎረጎረ መኪኖች ይለቀቃል። መኪኖቹ በየአምስት ደቂቃው አንድ አንድ እየሆኑ ይነሣሉ፤ ዳገቱንም ሰዓት ተይዞባቸው ይወጣሉ። በጥቂት ደቂቃ የወጣ ያሸንፋል። ዘንድሮ አምስተኛው ዓመት ነው። የአገሩ ሰው ከገመዱ ውጭ ቆሞ፣ አቧራውን እየቃመ፣ የገዛ መንገዱን እንደ እንግዳ ይመለከታል።

በመጀመሪያው ዓመት ሽማግሌዎች ከአዘጋጁ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ «መንገዱን መውሰዳችሁ ካልቀረ ከእኛም ወገን አንድ ሰው ይሩጥበት» ብለው ስለ ነበር፣ የአካባቢ ምድብ የተባለ አንድ ቦታ ተሰጣቸው። ቦታው ግን ሰው አልወጣለትም። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ቦይ ውስጥ ገባ፤ የሁለተኛው ራዲያተር ፈላ፤ ሦስተኛው ገደሉን አይቶ ተመለሰ፤ አራተኛው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ከገበያተኛ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሁለት በግ ጭኖ ደረሰ። ኮሚቴውም ዘንድሮ ቁርጡን በደብዳቤ አስታወቀ፤ ከአካባቢው ቢያንስ አንድ መኪና በአምሳ ደቂቃ ውስጥ ፈረስ ቤት ካልገባ ምድቡ ለዘለቄታው ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ የዳገቱ ሰዎች ቦታ ከገመዱ ውጭ ብቻ ይሆናል።

ደብዳቤው ከተለጠፈ በኋላ የተመዘገበ ሰው አንድ ነበር፤ እሷም ናጂሃ ናት፤ የቡሬው ነጋዴ የመሐመድአወል ልጅ።

ናጂሃ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ሱቅ ሳሙና፣ ጨው፣ ዘይትና ስኳር እየጫነች በነጭ ፒክአፕ ፈረስ ቤት ማድረስ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ትወጣለች፤ ሁለት ጊዜ ትወርዳለች። መኪናዋ በዕድሜ ከእሷ ብዙም አታንስም። የመመዝገቧን ወሬ አባቷ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ከአላፊ አግዳሚ ሰሙት።

«ሴት ልጁ በመኪና እሽቅድምድም ሞተች መባል ለእኔ ምን ይጨምርልኛል?» አሏት።

«ሴት ልጁ ፈርታ ቀረች መባልስ ምን ይጨምርልዎታል፣ አባ?»

መሐመድአወል መንገዱን አዩ። «እንግዲያው ዘይቱን አራግፈሽ ሂጅ» አሉ በመጨረሻ። «ጭነት ይዞ የሚሮጥ የለም።»

ውድድሩ ሾፌርን ብቻውን አይቀበልም። ከጎኑ መንገድ ነጋሪ ይቀመጣል፤ ናቪጌተር ይሉታል። ሥራው እያንዳንዱን መታጠፊያ ገና ከዓይን ሳይደርስ ከደብተር እያነበበ መናገር ነው። ናጂሃ የጠየቀቻቸው ወንዶች ሁሉ ሳቁባት። ያልሳቁባት፣ በየጊዜው ጋቢና ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠው የሚጓዙት መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ብቻ ነበሩ።

መሪጌታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ከፈረስ ቤት ዳር ባለ አንድ ደብር ሃያ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። ቡሬ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመላለሱ ከናጂሃ መኪና ሌላ አይሳፈሩም። መንገድ ላይ የማንጎራጎር ልማድ አላቸው፤ ናጂሃም ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር አስተዋለች። ሽማግሌው በአንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይታጠፋል። ዳገቱ ሲቀና ይቀናል፤ ጠጠሩ ሲያርገፈግፍ ይርገፈገፋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ እንኳ አይስቱም።

«መሪጌታ፣ ይህን መንገድ በቃልዎ ይዘውታል» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ምን ላድርግ፤ አንች እየነዳሽ አስጠናሽኝ።»

ደብተሩ የተጻፈው ከዚያ ወዲህ በሦስት ወር ነው። የዜማ ምልክት ከፊደል በላይ የሚቀመጥ ትንሽ ጭረት ወይም ነጥብ ነው፤ ድምፅ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለሚያውቀው ይናገራል። መሪጌታ በተማሪ ደብተር ላይ የየቦታውን ስም እየጻፉ ከስሙ በላይ ምልክቱን አኖሩ። ሂደት ያለበት መንገዱ የተዘረጋ ነው፣ ነዳጅ ይሰጣል፤ ይዘት ፍሬን ነው፤ ርክርክ የተቦረቦረ ጠጠር፤ ድፋት ቁልቁለት፤ ቁርጥ ደግሞ መንገዱ በራሱ ላይ የሚታጠፍበት። በቀይ ቀለም የተጻፈው ወደ ግራ፣ በጥቁር የተጻፈው ወደ ቀኝ።

ከደብሩ አገልጋዮች አንዱ፣ «መሪጌታ፣ ለጎማም ማኅሌት ይቆም ጀመር?» ብሎ ነካቸው።

«ምልክት ለድምፅ መንገድ የሚያሳይ ነው» አሉት። «ለድምፅ መንገድ ካሳየ መንገድን ራሱን የማያሳይበት ምክንያት ካለህ ጻፈውና አምጣልኝ። ቃለ እግዚአብሔር አልነካሁም። የጻፍሁት “ከአቻምየለሽ ጠላ ቤት ግራ” የሚል ነው።»

የውድድሩ ዕለት ጠዋት፣ ፍኖተ ሰላም ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ መኪኖቹ ለፍተሻ ተሰለፉ። ዝናቡ በዚያ ዓመት ጊዜውን አልጠበቀም፤ ጥቅምት ገብቶ እንኳ ሰማዩ አልጠራም፤ ወደ ዳሞት በኩል ያለው ተራራ ከወገቡ በላይ አይታይም ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ክንፈሚካኤል ራሱ እየዞረ መኪና ይፈትሻል። በወጣትነቱ የታወቀ ሾፌር የነበረ፣ ረጅምና ንግግሩ የታረመ ሰው ነው። የመሪጌታን ደብተር ተቀብሎ ገለጠ፤ ደግሞ ገለጠ፤ ገልብጦም አየው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመንገዱ ማስታወሻ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ማንበብ አልቻልሁም።»

«አይፈረድብዎትም። ሰባት ዓመት ይፈጃል።»

በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። ክንፈሚካኤል አልሳቀም። «ወይዘሮ ናጂሃ፣ የእኔ ጭንቀት ሰው እንዳይሞት ነው። የማላነበውን ነገር ደኅና ነው ብዬ አልፈርምም። በመደበኛው አጻጻፍ ገልብጣችሁ አምጡ፤ አለዚያ አትነሡም።»

ናጂሃ የውድድሩን ደንብ ሃያ ሁለት ገጹን በቃሏ ይዛዋለች። በልጅነቷ ቡሬ ቁርኣን ቤት ተቀምጣ የቀሰመችው ልማድ ነው፤ የሚያስፈልጋትን ነገር ወረቀት ላይ አትተወውም። «አንቀጽ ዘጠኝ ማስታወሻው በምን አጻጻፍ ይሁን አይልም» አለች። «አምና ሁለት ፈረንጆች በገዛ ቋንቋቸው ጽፈው መጥተው ነበር። ማን አነበበላቸው?»

«እነሱ እኮ…» አለና ቆመ። ያላለቀውን ነገር በሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ በየልቡ ጨረሰው። ክንፈሚካኤልም የጨረሱት እንዴት እንደ ሆነ ገባው፤ ጆሮው ቀላ።

«ይሁን፤ ተነሡ» አለ። «ደብተሩ ግን እዚህ ይቀራል። አንድ ነገር ብትሆኑ ምን ይዛችሁ እንደ ተነሣችሁ የሚጠይቀኝ አለ።»

ናጂሃ ክርክሩ አሁን ገና መጀመሩ ነው ብላ አፏን ስትከፍት መሪጌታ ቀደሟት። «ይያዙት» አሉ። «ተማሪ በቃሉ ሲያሰማ መጽሐፉ የሚቆየው በመምህሩ እጅ ነው።» ጋቢያቸውን አጣፉና ወደ መኪናዋ ገቡ።

መንገድ ላይ ወደ ጅጋ ሲነዱ ናጂሃ ዓይኗን ከአስፋልቱ ሳትነቅል ጠየቀች። «እውነትም በቃልዎ አለ?»

«ከመነሻ እስከ መድረሻ አለ። ከመካከል ብቻ አትጠይቂኝ።»

ኮሚቴው ቀርፋፋው ፈጣኑን እንዳያግድ በማለት የአካባቢውን ምድብ ከሁሉ በኋላ ያሰልፋል። ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የመጡት ስድስት መኪኖች ጅጋን እያናወጡ፣ እያንዳንዳቸው የጭቃ ጅራት እያስከተሉ ሄዱ። በአራት ሰዓት ከሃያ የናጂሃ ባንዲራ ወረደ። ከገመዱ ጀርባ ከተኮለኮለው ሕዝብ መካከል አንድ ደንበኛዋ፣ «ናጂ፣ ጨው አልያዝሽልንም እንዴ?» ብሎ ሲጮኽባት ሰማች፤ ሳቁንም ሰማች፤ ከዚያ በኋላ የመሪጌታን ድምፅ እንጂ ሌላ አልሰማችም።

«ሂደት፤ ግራሩን በቀኝ… ይዘት… ግራ ቁርጥ… ርክርክ፣ ርክርክ፣ ርክርክ…»

ድምፁ አይቸኩልም፤ አይዘገይምም። ናጂሃ እጇ መሪውን የሚያዞረው ነገሩን አስባ ሳይሆን ድምፁን ተከትላ መሆኑ ቶሎ ገባት። ከጭነት የተላቀቀችው መኪና የኋላ እግሯ ቀሎ ጭቃው ላይ ትንሸራተታለች፤ ድምፁ «ይዘት» ሲል ፍሬኑን በጣቷ ጫፍ ትነካዋለች፤ መኪናዋም ትመለሳለች። የአቻምየለሽ ጠላ ቤት ሲታለፍ ሰዓቷ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አለ። ጥሩ ነበር።

ከዚያ በላይ ዓለም አልነበረችም።

ጉሙ ቀስ በቀስ አልመጣም፤ ከአንድ መታጠፊያ ወዲያ ዘግቶ ጠበቃቸው። የመኪናዋ አፍንጫ ይታያል፤ ከአፍንጫዋ በኋላ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ከመንገዱ ዳር ባለው መስክ ላይ ቢጫ መብራቶች ሲበሩ ሲጠፉ አየች፤ ስትቀርብ ስድስቱ መኪኖች ነበሩ። ጎን ለጎን ቆመዋል። ሾፌሮቹ የራስ ቁራቸውን አውልቀው፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ጉሙን ያያሉ። ማስታወሻቸው ስሕተት አልነበረበትም፤ መታጠፊያው ሁሉ በትክክል ተጽፏል። ነገር ግን ማስታወሻ ሲጽፉ ሁለት ቀን ብቻ ያዩትን መንገድ ሳያዩ ማመን ለማንም ሰው ከባድ ነው፤ በዓይኑ ለኖረ ሰው ዓይኑ ሲወሰድበት እጁም አብሮ ይወሰዳል። ከሾፌሮቹ አንዱ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጥቶ ሁለት እጁን አወናጨፈ። ናጂሃ ነዳጁን ላላ አደረገች።

መሪጌታ ግን አላቆሙም። «ሂደት» አሉ፤ ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር።

ናጂሃ ነዳጁን ረገጠች።

በጉም ውስጥ ገደል ከግራ እንዳለ የምታውቀው ነፋሱ በዚያ በኩል ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የወጣችበት መንገድ መሆኑ የሚያኮራት ነገር ነበር፤ አሁን ግን እውቀቷ በዓይኗ ተጠልሎ የኖረ መሆኑን ተረዳች። ያለ ዓይኗ የቀራት እግሯ ሥር ያለው የጠጠር ጩኸትና ጆሮዋ ሥር ያለው ያ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ድምፁ ሲወጣ መንገዱ ወጣ። ድምፁ ሲሰበር መንገዱ ተሰበረ። ከዚያም እልህ ያዛት፤ እነዚህ ሰዎች አምስት ዓመት ሙሉ ይህን መንገድ በገመድ አጥረው የእኛ ነው ሲሉት ኖረዋል፤ መንገዱ ግን ፊቱን ሲሸፍን ማን እንደሚያውቀው ይኸው ለየ።

«ርክርክ… ግራ ይዘት…»

ጥቁር በሬ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ከየት ገመድ ሥር ሾልኮ እንደ ገባ የሚያውቀው ራሱ ነው። ናጂሃ ፍሬኑን ረገጠች፤ መኪናዋ ተንሸራታ፣ ተንሸራታ፣ ከበሬው ጎን አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። መሪጌታ ግንባራቸውን ከፊታቸው ካለው ዳሽቦርድ ጋር አጋጩ። በሬው ዞር ብሎ አያቸው፤ ከዚያም ጉዳዩን አስቦበት ወደ ጉሙ ተመለሰ።

«ተጎዱ?»

«አልተጎዳሁም።» መሪጌታ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «ጠፋኝ» አሉ።

«ምኑ?»

«መንገዱ ነዋ። የት ላይ ነበርን?»

ሰዓቱ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ አለ። «ርክርክ ብለው፣ ግራ ይዘት ብለው ነበር።»

«የርክርኩ ብዛት ሰባት ነው ወይስ አምስት? አምስት ከሆነ አጥሩ ጋ ነን፤ ሰባት ከሆነ ገደሉ አፍ ላይ ነን።» ሽማግሌው ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ፤ ከንፈራቸውም በፍጥነት ይንቀሳቀስ ጀመር። «ሂደት፤ ግራሩን በቀኝ…»

ናጂሃ የሚያደርጉት ገባት። ከጅጋ ነው የጀመሩት። በቃል የተያዘ ነገር እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ሌላውን ይስባል እንጂ ከመካከል ተመዝዞ አይወጣም። መሪጌታም የዕድሜ ልክ ተማሪ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሲጠፋባቸው ከላይ ጀመሩ። ከጅጋ እስከዚህ በለሆሳስ ቢሮጡት እንኳ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አሥር ደቂቃ ቢኖራት ኖሮ መፍራት ባላስፈለጋት ነበር።

ይህን ጭንቀት ታውቀዋለች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ቡሬ፣ እንጨት ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ ስታሰማ ነገሩ መካከል ላይ ተቆርጦባት ወደ ላይ ልትመለስ ስትል፣ ሼሁ አለመቆጣታቸው ትዝ አላት። ያለፈውን አንቀጽ ጅራቱን ብቻ በዜማው ይሰጧት ነበር። ቃሉን ያለ ዜማው መስጠት ዋጋ የለውም፤ የሚስበው ዜማው ነው።

ናጂሃ በሰው ፊት አዚማ አታውቅም። የእሳቸውን ዜማማ አፏ ላይ አድርጋው አታውቅም፤ የሷ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ግን ሰምታዋለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ድምፁን እሳቸው ከሚያነሡበት አንሥታ፣ ከበሬው በፊት የነበረውን መታጠፊያ፣ ከእሱ በፊት የነበረውንም ጨምራ አዜመችው፤ ርክርኩንም እግሯ ሥር እንደ ቆጠረችው ቆጠረችው። ሰባት።

መሪጌታ ከንፈራቸውን ገቱ። ራሳቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ። «ሰባት» አሉ፤ ቀጥለውም ያላንዳች ማቋረጥ፣ «ገደሉ አፍ፤ ቀኝ ቁርጥ፣ ግንቡን አስጠግተሽ፣ ይዘት… ሂደት፣ ሂደት…»

ወጡ።

ፈረስ ቤት መግቢያ ላይ፣ ከድንኳን ሥር በተቀመጠ ጠረጴዛ አጠገብ፣ የሰዓት መዝጋቢዋ ፀደንያ ካፖርቷን ጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። የፍኖተ ሰላም የሒሳብ መምህርት ናት፤ ለዚህች ቀን ተቀጥራ ነው የመጣችው። ከአንድ ሰዓት በላይ አንድም መኪና ስላላየች ውድድሩ የተረሳ መስሏት ነበር። ነጩ ፒክአፕ ከጉሙ ወጥቶ መስመሩን ሲረግጥ ሰዓቷን ተጫነች፤ ቅጹንም ሞላች። አርባ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሰከንድ።

በገመዱ ዳር የነበረው ሕዝብ ገና ጭብጨባውን ሳይጨርስ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ክንፈሚካኤል ነበር፤ ከጅጋ።

«ፀደንያ፣ ስድስቱ ሾፌሮች በጉም ምክንያት ቆመዋል። ውድድሩ ተሰርዟል። የማንም ሰዓት አይያዝም።»

«አንድ መኪና ደርሷል እኮ» አለች ፀደንያ። «በሰዓቱ።»

«ገብቶኛል። ግን ስድስቱ ያልሮጡበት ውድድር ውድድር አይደለም። ሲሰረዝ ለሁሉም ይሰረዛል።»

ናጂሃ ከመኪናዋ ወርዳ ሬዲዮውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። «አቶ ክንፈሚካኤል፣ ናጂሃ ነኝ። አንቀጽ ሠላሳ አንድ።»

አንቀጹንም በቃሏ ወጣችለት።

«ውድድር የሚሰረዘው ሰብሳቢው በመድረሻው መስመር በአካል ተገኝቶ፣ መንገዱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በቅጹ ላይ ሲፈርም ነው። በስልክ መሰረዝ የቀረው ካቻምና እርስዎ ራስዎ ባመጡት ሐሳብ ነው፤ ከአዲስ አበባዎቹ ሾፌሮች ጋር በተጣላችሁ ጊዜ። ይምጡና ይፈርሙ። መንገዱ ዝግ ነው፤ የሚያግድዎት የለም።»

«ጉም ነው፣ ወይዘሮ ናጂሃ።»

«አውቃለሁ። አሁን በእሱ ነው የመጣሁት።»

ገመዱን የሚጠብቀው ሳጅን ቴዎፍሎስ ጠጋ ብሎ፣ መኪናዋን ከመስመሩ ላይ ገለል ታደርግ እንደ ሆነ በትሕትና ጠየቃት።

«ማን ሊያልፍ?» አለችው።

ሳጅኑ ወደ ባዶው ጉም ተመለከተ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ከአምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው። ናጂሃ የመኪናዋን ቁልፍ ነቅላ ኮፈኑ ላይ ተቀመጠች፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሙቀቱ ደግፏታል። ክንፈሚካኤል ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ መመለሱን በሬዲዮው ሰሙ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ከጠላ ቤቱ በላይ ትንሽ ሄዶ ነበር። ከቀትር በኋላ ጉሙ ይነሣል ተብሎ ሲጠበቅ ካፊያ ተጨመረበት። በስምንት ሰዓት ድምፁ በለዘብታ መጣ፤ ለሚመጣው ዓመት የክብር እንግዳ ሆና መኪናዋ ከሁሉ ፊት እንድትሰለፍ፣ ዋንጫም እንዲሰጣት እንደሚያደርግ ነገራት።

«የክብር እንግዳ ማለት እንግዳ ነው» አለችው። «እኔ በዚህ መንገድ ላይ እንግዳ አይደለሁም። የምፈልገው የተጻፈው እንደ ተጻፈ እንዲቀር ነው።»

በአሥር ሰዓት ድምፁ ጠነከረ። «ፀደንያ፣ በእኔ ስም ተሰርዟል ብለሽ ጻፊ። ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

ፀደንያ ለዚህች ቀን የተቀጠረች ሰው ናት፤ ማንም አይቆምላትም። እስክሪብቶዋን ክዳኑን ገጠመችበት። «ተማሪ ልክ የመለሰውን ሌሎቹ ስላልመለሱት አላጠፋበትም» አለች። «እርስዎ ይምጡና ያጥፉት።»

መሪጌታ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ይህች ልጅ ድጓ ብትማር ኖሮ» አሉ ለራሳቸው።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሳጅን ቴዎፍሎስ ሰዓቱን አየ፤ የፀደንያንም ሰዓት ጠይቆ አመሳከረ። ከዚያም ገመዱን ፈታ። ቅጹ ላይ ከናጂሃ ስም ትይዩ አርባ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሰከንድ ይላል፤ ፀደንያም ከሥሩ አሰመረችና ፈረመች። ማንም ከዚያ በኋላ የሚነካው አልነበረም።

ቀኑን ሙሉ ከገመዱ ውጭ የተገታው ገበያተኛ አህያውንና ጆንያውን ይዞ፣ ጥላውን ዘርግቶ፣ እየተጋፋ ወደ ጠጠሩ ፈሰሰ። ሬዲዮው እንደገና ተንኮሻኮሸ። የክንፈሚካኤል ድምፅ ደክሞት ነበር።

«ወይዘሮ ናጂሃ፣ ስድስቱ ሾፌሮች እስካሁን መስኩ ላይ ናቸው። መውረድ ፈርተዋል። ይመሽባቸዋል። እርስዎ ከፊት ሆነው ቢያወርዷቸው…»

ናጂሃ ወደ መሪጌታ ዞረች። «ቁልቁለቱንስ ይዘውታል?»

«ቁልቁለቱ ሌላ ዜማ ነው» አሉ፤ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «ለመንደርደሪያ የሚሆን አላጣም።»

«አወርዳቸዋለሁ» አለች በሬዲዮው። «ግን ይንገሯቸው፤ አይቸኩሉ። መንገዱ ተከፍቷል። ከፊቴ አህዮች አሉ፤ እነሱን አልቀድምም።»

ሞተሩን አስነሣች። ከፊቷ አንዲት ሴት የጤፍ ጆንያ የጫነች አህያ እየነዳች ነበር፤ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ዞር አለችና፣ አህያዋን ከመንገዱ መሐል ሳታነሣ ጉዞዋን ቀጠለች። ናጂሃም መብራቷን አብርታ፣ በአህያዋ እርምጃ ልክ፣ ወደ ጉሙ ወረደች።